ኢንተርቪው አልፌ «ተጠባባቂ 7» ተባልኩ፤ ስልኬን ማየት ማቆም አቃተኝ

የድሬዋ_ላብራቶሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ሆዴ ስለሞላ ልጽፍ ነው፤ ቢረዝምባችሁ ታገሱኝ።

26 ዓመቴ ነው። በሜዲካል ላብራቶሪ ዲግሪ አለኝ፤ እዚሁ ድሬዳዋ በመንግሥት ቤት ስሠራ አራት ዓመት አለፈኝ። ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የሕክምና ትምህርት ለመማር አዲስ አበባ ያለ አንድ ትምህርት ቤት አመለከትኩ። ስሙ ይቅር። ፈተናውን አለፍኩና ለኢንተርቪው ጠሩኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከድሬ ተነሳሁ። ኮት የሚባል ነገር ስለሌለኝ የአክስቴን ልጅ ኮት ተውሼ ነበር፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ይደርሳል።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሐኪም ናቸው፤ ብዙም አላወሩም። መጨረሻ ላይ ቀና ብለው «ከድሬዳዋ ነሽ አይደል? ወባ ክረምት ሲወጣ ነው የሚነሳው ይባላል። እናንተ ጋ በበጋ ለምን ተነሳ?» አሉኝ። በሆዴ ሳቅኩ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. የበጋው ወባ ሲነሳ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የከረምኩት እኔ ነኝ። ስለ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነገርኳቸው። ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት፤ ከተማ ትወዳለች። ረግረግና ኩሬ ፍለጋ አትደክምም። ውሃ ስለሚጠፋ በየጓሯችን የምናስቀምጠው በርሜል ይበቃታል። ስለዚህ ዝናብም አትጠብቅ። እናቴ በርሜሉን በድሮ ነጠላ ሸፍና በላስቲክ ታስረዋለች ብዬ ጨመርኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጻፉ። በቃ ገባሁ አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ውጤቱ በቴሌግራም ወጣ። ያለፉት ዝርዝር ውስጥ ስሜን ሦስት ጊዜ ፈለግኩ። የለም። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ተጠባባቂዎች» ይላል። ተራ ቁጥር 7።

ከዚህ የባሰው ምን መሰላችሁ? ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ሆኖ አየና «ስሟ ወጥቷል!» ብሎ ጮኸ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ውሸት አይደለም፣ ስሜ ወጥቷል፤ በሁለተኛው ገጽ። እስከ ማታ እድሩ በሙሉ ሰማ። መጋላ የምንገዛበት ባለሱቅ «ዶክተርዬ፣ ይሄ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ቋ ይላል» ብሎ ሱሪውን ሰበሰበልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬን እንደ ሕፃን ይዤ ነው የምዞረው። ትናንት ማታ ዱቲ ላይ ስላይድ (ደም የተቀባበት መስታወት) እየቆጠርኩ ነበር። 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ የወባውን ፓራሳይት ጎን ለጎን ትቆጥራለህ። 160 ላይ ስደርስ ስልኬ ነዘረ። ዘልዬ አየሁ፤ የጥቅል ማስታወቂያ። ቆጠራው ጠፋብኝ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። የታካሚው አባት መስኮቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አፈርኩ።

ይህን ነገር ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ እንዴት ነው የሚጠበቀው?


አቦ_ለገሀር፦

አቦ ተጠባባቂ ማለት እኮ ቤንች ማለት ነው! ቤንች ላይ ያለ ሰው ማሊያ ለብሷል፣ ሜዳው ውስጥ ነው፣ አሰልጣኙ ያውቀዋል። እኔ ሁለት ጊዜ ፈተናውን ወድቄ ስታዲየም በር ላይ ነው የቆምኩት። ቲኬትም የለኝ። ፈታ በይ።

የጉልበቱን ሰውዬ ግን ምን አልሽው?


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦

@አቦ_ለገሀር ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት። «ታዲያ ሐኪሟ አንቺ አይደለሽ?» አለኝ።


ጡረተኛዋ_ነርስ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ እናትሽን ቁጭ አድርገሽ አስረጂያት። ነገር በውል ያልገባት እናት ናት ለጎረቤት የምታወራው። ቡና ሲፈላ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ ንገሪያት። «እማዬ፣ አላለፍኩም፤ አልወደቅኩምም፤ ሌላ ሰው ከቀረ ይጠሩኛል» በይ፤ እንዲህ በአጭሩ። ተጠባባቂ የሚለውን ቃል ብቻ ብትነግሪያት የሥራ መደብ ይመስላታል።

እኔ ለነርስ ትምህርት ያመለከትኩት ሐረር ነው። ያኔ ቴሌግራም የለ፣ ስልክም በየቤቱ የለ። ስም ዝርዝሩ በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ የተያዝኩት በመጠባበቂያ ነበር፤ ሌላ ወረቀት ይወጣል ስለተባለ በየጠዋቱ እየሄድኩ ግድግዳ አያለሁ። አንድ ቀን ስሄድ ወረቀቱ ግማሹ የለም። ዘበኛውን ስጠይቀው «ፍየል በላችው» አለኝ። ለካ ሙጫው ዱቄት ስለሆነ ይጣፍጣታል። የተበላው የእኔ ስም ያለበት ወገን ነው። ያን ቀን ከፈረስ መጋላ እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ። በኋላ ቢሮ ገብቼ ብጠይቅ ለካ ከሳምንት በፊት ተጠርቻለሁ፤ እኔ ግድግዳ ሳይ እነሱ በመዝገብ ይጠብቁኛል።

ስለዚህ ግድግዳ አትዪ። ሄደሽ ጠይቂ፣ ወይም ደውዪ።


የጁገሉ_ሐኪም፦

እትዬ ያሉት ልክ ነው። እኔ ራሴ ከተጠባባቂ የገባሁ ነኝ፤ አሁን ሐረር ነው የምሠራው። አሠራሩን ልንገርሽ፤ ሲገባሽ ጭንቀቱ ትንሽ ይበርዳል።

ተጠባባቂ የሚይዙት ለማስደሰት አይደለም፤ ያለፈው ሰው ሁሉ እንደማይመጣ ስለሚያውቁ ነው። አንዱ ሌላ ቦታም ተፈትኖ አልፏል። አንዷ ልጅ ወልዳለች። አንዱ የሚከፍለው የለውም። ከሁሉ የሚበዛው ግን መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ የከለከለው ነው። የመንግሥት ጤና ባለሙያ ስትሆኚ የውጤት ወረቀት ይዘሽ ብቻ አትመዘገቢም። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ደግሞ የምዝገባው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ስልክሽ ቢጠራ ጥቅል ነው።

ስለዚህ ሬጅስትራር ደውለሽ ጠይቂ። ምዝገባው የሚዘጋው መቼ ነው? ከተጠራሁ በስንት ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለብኝ? ከድሬ አዲስ አበባ እኮ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ከሁለቱ በፊት ግን ይህን ጠይቂ፦ ያ 7 ቁጥር በውጤት ነው ወይስ በፊደል ተራ? እኛ አገር ዝርዝር ሲሠራ እጅ የሚሄደው ወደ ሀሁ ነው። እኔ ዝርዝሩ ላይ 11ኛ ነበርኩ። ስሜ በ«ዘ» ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ከእኔ በፊት አሥር ሰው መሞት አለበት» እያልኩ ስቆጥር ከረምኩ። በውጤት 2ኛ ነበርኩ።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦

ዶክተር፣ አሁን ነው ያየሁት። ፒዲኤፉን ከፍቼ አየሁት። ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ለ፣ መ፣ መ፣ እኔ። ወይኔ ጉዴ! በፊደል ተራ ነው እኮ! ሰባት ቁጥርን ስንት ቀን ስጠላት ከረምኩ።


አቦ_ለገሀር፦

አቦ እናትሽን «አበበች» ለምን አላልሽኝም ብለሽ ልትወቅሻት ነበር እንዴ?


የጁገሉ_ሐኪም፦

@አቦ_ለገሀር «አ» እኮ ከ«መ» በኋላ ነው የሚመጣው ወንድሜ። ፈተናውን ለምን እንደወደቅክ ገባኝ።


አቦ_ለገሀር፦

ተሸነፍኩ።


ሐረሬ_ከሚኒሶታ፦

ከሩቅ ሰላም። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ በር አካባቢ ነው። እዚህ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ሁለት ቦታ ኢንተርቪው አድርጌ ሁለቱም ጋ ተጠባባቂ ተብዬ ነበር። ነገሩ እዚህም ያው ነው፤ ቀኑ ብቻ ይለያል። አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ፣ ኤምካት የሚባለውን ፈተና ወስዶ፣ ብዙ ትምህርት ቤት በአንዴ ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ጎበዝ አምስት ቦታ ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። እስከ ኤፕሪል 30፣ በእኛ ሚያዝያ 22 መሆኑ ነው፣ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲለቅ ይጠበቅበታል። ተጠባባቂው መንቀሳቀስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከዚያ ትምህርት እስኪጀመር ድረስ ሊጠሩሽ ይችላሉ። ሻንጣ ይዞ ሌላ ከተማ ቤት ከተከራየ በኋላ የተጠራ አውቃለሁ።

እዚህ ደብዳቤ ይጻፋል። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ፣ «ከጠራችሁኝ በእርግጠኝነት እመጣለሁ» የሚል፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ። ከኢንተርቪው በኋላ የተጨመረ ነገር ካለም ይገባበታል። አንዳንዶቹ ግን «ምንም አትላኩልን» ይላሉ፤ እንደዚያ ካሉ አለመላክ ነው። አንቺም ብትጽፊ ምን ይጎዳል?

እኔን በዚያ ዓመት ማንም አልጠራኝም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቼ ገባሁ። ያንን በጋ እንዴት እንዳለፍኩት ብትጠይቂኝ፣ ኢሜይሉን ከስልኬ አጥፍቼ በቀን አንዴ ማታ በኮምፒውተር ብቻ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጄ ያሳክከኝ ነበር።


የጁገሉ_ሐኪም፦

ሐረሬ፣ የደብዳቤው ነገር ለእዚያ ይሆናል። እዚህ ደብዳቤ ብትልኪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ይተኛል። ስልክ ደውሎ በትሕትና መጠየቅ ይሻላል። በዚያው ጊዜ የራስሽን ወረቀት ጨርሺ። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ ፎቶ። መልቀቂያውን ደግሞ ከዛሬ ጀምረሽ አናግሪ። መልቀቂያ ስትጠይቂ ግን ሥራሽን አትልቀቂ! «ሊጠሩኝ ነው» ብሎ ለቅቆ ሳይጠራ የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ ሦስት ወር ሥራ ፈትቶ ፌርማታ ጋ ሲቆም አየው ነበር።


ሰው_ከሳቢያን፦

ይቅርታ፣ እኔ ሁልጊዜ የምጠላውን ጥያቄ ልጠይቅ። ለምን? ሐኪሞቹ ራሳቸው በግንቦት 2017 ደሞዛችን ኑሮ አይገፋም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው አላየንም? አራት አምስት ዓመት ተምረሽ ወጥተሽ ከላብራቶሪ የምትጨምሪው ስንት ነው? በዚያ ዕድሜ ሱቅ ብትከፍቺ ይሻላል። ክፋት እንዳይመስልሽ፣ ወንድሜ ሐኪም ነው።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦

@ሰው_ከሳቢያን ክፋት አይመስለኝም። እኔም ስንቴ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

የእኛ ላብራቶሪ ትንሽ መስኮት አላት፤ ከወገቧ በላይ ፍርግርግ ነው። ሰው ሽንቱን፣ ደሙን በእሷ ያስገባል። እኔ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ወረቀቱን በእሷ አወጣለሁ። ከዚያ መስኮቷ ትዘጋለች። ባለፈው የስድስት ዓመት ልጅ ስላይድ አየሁ፤ ከዚህ በፊት ያላየሁት የፓራሳይት ብዛት ነው። እየሮጥኩ ወጥቼ ወረቀቱን በእጄ ለአባቷ ሰጠሁት፣ «ቶሎ ግቡ» አልኩት። ገቡ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ምን እንደሆነች አላውቅም። ማንም አይነግረኝም፤ ሥራዬም አይደለም። እኔ ከመስኮቷ ወዲያ ያለውን ነው የምፈልገው። ደሞዙ አልጠፋኝም።


ሰው_ከሳቢያን፦

እሺ። ይህን ኢንተርቪው ላይ ብትናገሪ ኖሮ ተጠባባቂ አትሆኚም ነበር።


ጉዳይ_አስፈጻሚ_09፦

[ይህ መልእክት በአወያዩ ተሰርዟል]


አወያይ፦

«ውስጥ ሰው አለኝ፣ ከተጠባባቂ ወደ ዋናው አስገባለሁ፣ ኢንቦክስ» የሚል መልእክት ነው ያጠፋሁት። በዚህ ሰሞን አራተኛው ነው። ለማንም ብር እንዳትልኩ።


ዝምተኛው_ከገንደቆሬ፦

እኔ ልኬያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት። 15 ሺህ ብር። ለእህቴ ነበር። ሰውየው ድምፁ ትልቅ ሰው ነው፤ «ልጄ» ይለኛል፤ ስሟንም ተራ ቁጥሯንም ያውቃል። ያን ጊዜ አላሰብኩም እንጂ እኮ ፒዲኤፉ ለዓለም ሁሉ ተለጥፏል፣ ማንም ያውቃል። ግማሹን አሁን ግማሹን ስትገባ አለኝ። ግማሹን ላክሁ። በሦስተኛው ቀን «ኮሚቴው ጨምር አለ» አለኝ፤ ጨመርኩ። ከዚያ ቁጥሩ አይሠራም። ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እዚህ የጻፍኩት ስሜ ስለማይታይ ነው።


ጡረተኛዋ_ነርስ፦

አይዞህ የኔ ልጅ። ንገራት ግን።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦ (ከአምስት ቀን በኋላ)

ደወልኩ። አራት ጊዜ አይነሳም፣ በአምስተኛው አንዲት ሴት አነሳች። እንደ ዶክተሩ ጠየቅኳት። ቁጥሩ በፊደል ተራ ነው። በውጤት 4ኛ ነኝ። ምዝገባው ሰኞ ጀምሮ ዓርብ ማታ ይዘጋል። የሚጠራ ሰው 48 ሰዓት አለው።

4ኛ ሲባል ደስ አለኝ ወይስ ከፋኝ አላውቅም። ሰባት ስሆን ተስፋ ለመቁረጥ ይመቸኝ ነበር።

ለእማዬም ነገርኳት። በሁለተኛው ቡና ላይ። ዝም ብላ ሰምታ «ታዲያ የሚቀር ሰው እንዲኖር ልጸልይ ነው? የሰው ልጅ እንዲቀር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ራሷ «ሌላ የተሻለ ቦታ አግኝተው ይቅሩ ብዬ እጸልያለሁ» ብላ ፈታችው።

መልቀቂያ ጠየቅኩ። ኃላፊዬ «ስትጠሪ እጽፍልሻለሁ» አሉኝ። ዛሬ ጻፉልኝና ቀኑን ክፍት ተዉት ብዬ ለመንኩ። አይሆንም አሉ።


የጁገሉ_ሐኪም፦

48 ሰዓቱ በዚያ ያልቅብሻል። ደብዳቤውን አንቺ ራስሽ አርቅቀሽ በፍላሽ ያዢ፤ እሳቸው ይፈርሙ ብቻ። ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታለች የሚባል ነገር አለ።


አቦ_ለገሀር፦

በዚህ ሳምንት ከሰዓት ቤት እንዳትቀመጪ። በተለይ በርጫ ያለበት ቤት እንዳትሄጂ። በምርቃና ሰዓት ሁላችንም ዶክተር ነን፤ ሲመሽ ነው መከራው። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ቅዳሜን ዋይ። አየሩ ብቻ ይበቃሻል። ሐላዋ ይዘሽልን ነይ።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦ (ማክሰኞ)

ሁለት ሰው ተጠራ። የቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ አንደኛው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጻፈ። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ጻፍኩለት፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቴ አጥፍቼ።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦ (ሐሙስ)

ሦስተኛዋ ተጠራች። አሁን ቀጣይዋ እኔ ነኝ።


ሐረሬ_ከሚኒሶታ፦

ትንፋሼን ይዣለሁ። ኢሜይሉን አጥፊ ያልኩሽን እርሺው፤ ዓርብ እስኪያልፍ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦ (ቅዳሜ)

አልጠሩም።

ዓርብ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ዱቲ ነበርኩ። ስልኩን ለባልደረባዬ ሰጥቼ «ከ011 ከተደወለ ብቻ ንገሪኝ» አልኳት፤ ስላይዶቼን ሳልሳሳት ቆጠርኩ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም። ማታ ቻናሉ ላይ «ምዝገባ ተጠናቋል» ተባለ።

አንድ ሰው ነው የቀረኝ። ይኼኛው ሐሳብ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ያልቀረውን ሰውዬ አላውቀውም፤ ምናልባት ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ በሰዓቱ የመጣ ጎበዝ ነው። ልጠላው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ቤት ስገባ እማዬ የእድር ጓደኞቿ ጋ ነበረች። በሩ ላይ ሆኜ ሰማኋት። «ዘንድሮ አልደረሳትም፤ አራተኛ ነበረች፤ ሦስት ነው የወሰዱት» ትላለች። አራተኛ የሚለውን ጠንከር አድርጋ ነው የምትለው።

ዛሬ ጠዋት ባለሱቁ «ዶክተርዬ» አለኝ። አልሄድኩም፣ ገና ነኝ አልኩት። «እኔ ጉልበቴም ገና ነው» አለኝ።


ጡረተኛዋ_ነርስ፦

ዛሬ አልቅሺ። ነገ እኔ ቤት ምሳ ነይ፤ ቤቴ ሐረር ነው፣ አድራሻውን በውስጥ እጽፍልሻለሁ። ፍየሏን የበላሁበትን ታሪክም እነግርሻለሁ።


ሰው_ከሳቢያን፦

ፈተናው በሚቀጥለው ዓመትም አለ አይደል?


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦

አለ። በፈተናው ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘሁት በባዮኬሚስትሪ ነው። የእኔ መጽሐፍ የተማሪ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ግማሹ ጠፍቷል። ደህና መጽሐፍ ያለው አለ? በውሰት፣ በኪራይም ይሁን።


አቦ_ለገሀር፦

እኔ አለኝ። ሁለቴ የወደቅኩበት ነው፤ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ብዙም አልተነካም። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ ለገሀር፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። አብረን ብናነብስ? የፊደል ተራውን አንቺ ታስተምሪኛለሽ።


የድሬዋ_ላብራቶሪ፦

11 ሰዓት ተኩል። እንዳታረፍድ፣ መጠበቅ ሰልችቶኛል።